ጨርቅ የማያጠራው ሌንስ

ፒያሳ አሮጌ ካሜራ ስንጠግን ለኖርን ሰዎች ቢጫ ሌንስ እንግዳ አይደለም። በብዛት የሚገጥመን ጃፓን ሠራሹ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ቁልቁል ስታዩበት ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ወጣት ፎቶ አንሺዎች «ጋሼ፣ ቆሽሾብኛል፤ ወልውልልኝ» እያሉ ያመጡታል። ቆሻሻ አይደለም፤ ሻጋታም አይደለም። ቢጫው ያለው መስታወቱ ውስጥ ነው።

የዚያ ዘመን ሠሪዎች ብርሃንን አጥብቆ የሚሰብር፣ ቀለማትን ግን ብዙ የማይበትን መስታወት ፈልገው ቶሪየም ኦክሳይድ ይቀላቅሉበት ነበር። ቶሪየም ደግሞ ጨረር ያመነጫል። ጨረሩ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያፈናቅላል፤ የተፈናቀሉት በመስታወቱ እንከኖች ውስጥ ይታሰራሉ፤ የታሰሩበት ቦታም ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ሰማያዊው ሲጎድል ዓለም ቢጫ ሆኖ ይታያል። ፈውሱ ብርሃን ነው። ሌንሱ የበጋ ፀሐይ ላይ ወይም ጥፍር ቤቶች በሚጠቀሙበት የዩቪ መብራት ሥር ሲከርም የታሰሩት ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ። ፀሐይ ላይ ከሆነ የኋላውን ጫፍ በፎይል መሸፈን ግድ ነው፤ ያለዚያ እሳት ያስነሳል።

ይኸው ችግር ጠፈር ላይም አለ፤ እዚያ ግን ጨረሩ ከውጭ ይመጣል፤ ከፀሐይ፣ ከሩቅ ከዋክብት፣ የምድር መግነጢስ አግቶ ከያዛቸው ፕሮቶኖችና ኤሌክትሮኖች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ካሜራ ይዛ የወጣችው ወደዚህ ጨረር ነው። እዚያ ሌንስ ፈትቶ የሚያጸዳ የለም፤ ስለዚህ መሐንዲሶች አስቀድመው መስታወቱን ይመርጣሉ። አንዱ ምርጫ እጅግ ንጹሕ ሲሊካ ነው። ሌላው ሴሪየም የተቀላቀለበት መስታወት ነው፤ ሴሪየም የተፈናቀሉትን ኤሌክትሮኖች ራሱ ይቀበልና ዓይን የሚያየው ብርሃን እንዳይዋጥ ያደርጋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ እንዲህ ያለው መስታወት ከመጀመሪያውም ትንሽ ቢጫ ነው። ይህን ልውውጥ በሙያዬ ሙሉ በሙሉ እደግፈዋለሁ። የምድር ምልከታ ካሜራ ቀለምን የሚለካ መሣሪያ ነው፤ የታወቀ ትንሽ ቢጫ በስሌት ይቀነሳል፤ ሳይታወቅ እያደገ የሚሄድ ቢጫ ግን የሐይቁንም የሰብሉንም ልኬት ያዛባል።

ቢጫ ሌንስ ያላችሁ እባካችሁ አትጣሉት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አታስፍቁት፤ ቶሪየም ያለበት ብናኝ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነው። ብርሃን ላይ አኑሩት። ቢጫው ከዓመታት በኋላ ይመለሳል፤ ያኔም ዳግም ብርሃን ላይ አኑሩት።