የወፍጮ ቤቱ ገቨርነር

በጉና ተራራ ዙሪያ፣ መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ፣ የናፍጣ ወፍጮ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ድንጋዩ ባዶውን ሲዞር ሞተሩ ቀለል ብሎ ይመታል። ሠራተኛው ገብሱን ሲለቅበት ለአፍታ ያቃስትና ወዲያው ይነሣል። ናፍጣ የጨመረለት ሰው የለም፤ የሠራተኛው እጅ የዱቄቱን ልመት እየዳሰሰ ነው።

የጨመረው የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ገቨርነሩ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞሩ ትንንሽ ክብደቶች አሉት። ፍጥነት ሲጨምር ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ናፍጣው ይቀንሳል። ጭነት መጥቶ ፍጥነቱ ሲወርድ ይሰበሰባሉ፤ ያኔ ስፕሪንጉ ናፍጣውን ይጨምራል። እህሉ ጤፍ ይሁን በቆሎ፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ አይጠይቅም፤ የሚያውቀው ፍጥነቱን ብቻ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው።

ፍጹም ግን አይደለም። ጭነት ላይ ሳለ ሞተሩ የሚረጋው ከባዶው ትንሽ ዝቅ ባለ ፍጥነት ነው። ያ ልዩነት ባይኖር ገቨርነሩ ናፍጣውን ከፍ አድርጎ የሚያቆይበት ምክንያት አይኖረውም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ስለ ገቨርነር ሒሳብ የጻፈውን ጥናት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ ያስጎተቱት ዐፄ ቴዎድሮስ ባረፉበት ዓመት መሆኑ ነው።

የጉና ጎረቤት የሆነችው ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል። ገቨርነሩም ናፍጣውን እስከ መጨረሻው ከከፈተ በኋላ ሌላ አቅም የለውም። ስለዚህ ባለ ወፍጮዎች፣ የዚህ ምልክት የሆነውን ጥቁር ጭስ ስታዩ እህሉን ቀነስ አድርጋችሁ ልቀቁ።