የሐሙሱ መዝሙር
ስለ ታማኝነትና ስለ አቤቱታ

በናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር፣ ከሐበሻ ሱቆች በአንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አለ። ፏፏቴና አረንጓዴ መስክ ይታይበታል፤ ከሥዕሉ በታች የእግዚአብሔር ምሕረትና ታማኝነት ለዘላለም እንደሚዘመር የሚናገረው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ታትሟል። ምንጩ መዝሙር 89፣ ቁጥር 1 መሆኑም ተጠቅሷል። ይህንኑ ቃል በሠርግ መጥሪያ ላይ፣ በታክሲ የኋላ መስታወት ላይ፣ በጸሎት ቤት መጋረጃ ላይ አይቼዋለሁ። የዚያኑ መዝሙር 38ኛ ቁጥርና ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እስከ ዛሬ በየትኛውም ግድግዳ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

መዝሙሩ በግዕዙ ዳዊት ቁጥሩ 88 ነው። አርእስቱ ለኤታን የሚሰጠው ይህ ድርሰት በሦስት እርከን የተሠራ ነው። በመጀመሪያ ባለቅኔው ፈጣሪን ያወድሳል፤ ባሕሩን የገሠጸ፣ ታቦርንና አርሞንኤምን የፈጠረ እርሱ መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ እግዚአብሔር ራሱ ለዳዊት የገባውን ቃል ያስታውሳል፤ ዘሩ ለዘላለም እንደሚኖር፣ ልጆቹ ቢያጠፉ እንኳ እንደሚቀጡ እንጂ ቃል ኪዳኑ እንደማይፈርስ፣ ፀሐይና ጨረቃ ምስክር እንደሆኑ። ይህ ሁሉ ከፍ እያለ፣ ተስፋው በተስፋ ላይ እየተደረበ ይሄድና በ38ኛው ቁጥር ንግግሩ በአንዲት “ግን” ይሰበራል። ዘውዱ ትቢያ ላይ ወድቋል፤ ቅጥሩ ፈርሷል፤ አላፊ አግዳሚው ይዘርፈዋል፤ ጎረቤት ይሳለቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ባለቅኔው ጠላትን አለመክሰሱ ነው። ለአብዛኛው ግሥ ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፤ የጣልኸው አንተ፣ ያፈረስኸው አንተ ይለዋል። ብዙ ሊቃውንት ይህን ክፍል ከኢየሩሳሌም ውድቀትና ከዳዊት ሥርወ መንግሥት መቋረጥ ጋር ያያይዙታል።

ታዲያ ይህ ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያውን ይሽረዋልን? የዕብራይስጡ አጻጻፍ አይሽረውም ይላል። “ኤሙና” የሚለው፣ ታማኝነትን የሚያመለክተው ቃል በመዝሙሩ ውስጥ ሰባት ጊዜ ይመጣል። ስድስቱ በውዳሴውና በቃል ኪዳኑ ውስጥ ይገኛሉ። ሰባተኛው ግን የተቀመጠው በ49ኛው ቁጥር፣ በክሱ መካከል፣ የቀድሞው ምሕረት የት እንደ ደረሰ በሚጠየቅበት ሥፍራ ነው። በውዳሴው የተዘመረው ቃል በሙግቱ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። ባለቅኔው ታማኝነትን ባያምን ኖሮ የሚሟገትበት ነገር ባልኖረው ነበር።

የእኛ ተርጓሚዎች ይህን ቃል እንዴት እንደያዙት መመልከት ጠቃሚ ነው። ግዕዙ የግሪኩን ተከትሎ “ጽድቅ” አለው። የዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ጽድቅን ሲሰማ የሚያስበው ስለ ነፍሱ ነው፤ ስለ ተገባ ቃል አያስብም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ መዝሙር “እውነት” ብሎ ተረጎመው። ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን እውነት ቆሞ የሚታይ እንጂ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም ደግሞ “ታማኝነት” አለ። በበኩሌ የዚህን ምርጫ ድፍረት አደንቃለሁ። “ታማኝ” በአማርኛ ከታች ወደ ላይ የሚባል ቃል ነውና። ታማኝ ሠራተኛ፣ ታማኝ ገንዘብ ያዥ፣ ታማኝ ዘበኛ እንላለን፤ ታማኝ ጌታ ሲባል ግን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብዙም አይሰማም። የቤት ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው ከሙያዋ በፊት ታማኝነቷን ይጠይቃል፤ አደራ የበላ ሰው በሕጉ ቋንቋ “እምነት በማጉደል” ይከሰሳል። እንግዲህ ይህን ቃል ለእግዚአብሔር መስጠት አደራ ተቀባይ አድርጎ ማቅረብ ነው፤ አደራ የተቀበለም ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት የ49ኛው ቁጥር ጥያቄ በአዲሱ ትርጉም ይበልጥ ይቆረቁራል። “እውነትህ የት አለ” ብሎ የሚጠይቅ ፈላስፋ ሊሆን ይችላል፤ “ታማኝነትህ የት አለ” የሚል ግን አደራ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ አዲሱ ትርጉም በአንድ እጁ ያገኘውን በሌላው አጥቷል። የ1954ቱ ትርጉም መዝሙረኛው አምላኩን በሚጠራበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል “አቤቱ” ይላል፤ አዲሱ በአብዛኛው “እግዚአብሔር ሆይ” ብሎ ተክቶታል። ትክክል ነው፤ ለዘመኑ ጆሮም የቀለለ ነው። ነገር ግን “አቤቱ” ከ“አቤት” እና ከ“አቤቱታ” ጋር ዘመዳማች ቃል ነው። ድሮ የተበደለ ሰው ከገዥው ደጃፍ ቆሞ “አቤት! አቤት!” እያለ ይጮህ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም ወረቀቱን ይዞ በመኪናቸው መንገድ ላይ የሚጠብቅ አቤት ባይ ጥቂት አልነበረም። ይህ ሰው ጩኸቱ አመፅ አልነበረም። የሸፈተውማ ጫካ ገብቷል እንጂ ደጅ አይጠናም። አቤት ባይ ዳኛው ዳኛ መሆኑን በጩኸቱ ይመሰክራል። የቀድሞዎቹ ተርጓሚዎች ሆን ብለው ይሁን ሳያስቡት፣ የውዳሴውንም የእሮሮውንም በር በአንድ ቃል ከፍተውት ነበር። እንግዲህ አንዱ ትርጉም “ታማኝነት”ን፣ ሌላው “አቤቱ”ን ይዞ ቀርቷል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያላነበበ ሰው የመዝሙሩን ሙሉ ድምፅ በአማርኛ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ስለ ንጉሥ ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም። በዳዊት ደጋሚዎች ሥርዓት መዝሙራቱ ለሳምንቱ ዕለታት ተከፋፍለዋል፤ ከ81 እስከ 110 ያሉት የሐሙስ ናቸው። ስለዚህ 88ኛው መዝሙር በየሳምንቱ ሐሙስ ይደርሳል። የ1948ቱ ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ሳይቋረጥ እንደመጣ የደነገገ ነበርና፣ ለዳዊት ዙፋን የተገባው ቃል በአገራችን ከጸሎት መጽሐፍም አልፎ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ሲወሰዱ ዕለቱ ሐሙስ ነበር። በዚያ ቀን በየቤቱ በሥርዓቱ ዳዊቱን የደገመ ሁሉ፣ ወሬውን ከመስማቱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ትቢያ ላይ የወደቀውን ዘውድ አንብቧል። ከዚህ ትንቢት ለማውጣት አልፈልግም፤ መዝሙሩ በሌሎቹም ሐሙሶች ይነበብ ነበርና። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ዙፋኑ በጸናበት ዘመን ሁሉ ይህ ሕዝብ የዙፋኑን መውደቅ በየሳምንቱ በአፉ ይለው ነበር፤ አንድም ሰው ግማሹን ቆርጦ አላስቀረውም።

ዛሬ ቆርጦ የማስቀረት ልማድ በርትቷል። በየጉባኤያችን የሚሰማው የምስክርነት ቋንቋ ይህን ያሳያል። አንዲት እህት ቪዛዋ ሲወጣ “እግዚአብሔር ታማኝ ነው” ትላለች፤ ወንድም ከሕመሙ ሲነሣ እንዲሁ ይላል። ደስታቸውን ማንም አይነፍጋቸውም። በስደት ለሚኖር ሕዝብ የደስታ መዝሙር ስንቅ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ብዙ እሑዶችን በዚያ ስንቅ ተሻግሬያለሁ። ጥያቄዬ ቪዛው ተከልክላ ከኋላው ወንበር ላይ ለተቀመጠችው የቀረላት ቃል ምንድን ነው የሚል ነው። “ታማኝ” እቃው ከተረከበ በኋላ የሚፈረም ደረሰኝ ከሆነ፣ እርሷ የምትፈርመው የላትም። ዝም ብላ ታጨበጭባለች። መዝሙረኛው ግን የጻፈው ከእርሷ ወንበር ላይ ሆኖ ነው። ጥያቄው በመዝሙሩ መጨረሻ መልስ አላገኘም፤ ከስድቡና ከመሳለቁ ቀጥሎ አንድ አጭር ምስጋና ሁለት ጊዜ “አሜን” ብሎ ይዘጋል። ይህ መዝጊያ የመዝሙራቱ ሦስተኛ ክፍል ማብቂያ ሆኖ በሰብሳቢዎች የተጨመረ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ሊሆን ይችላል። “አሜን” እና “ኤሙና” ከአንድ ሥር መምጣታቸው ግን፣ ጨማሪው ማንም ይሁን ማን፣ ያነበበውን ያወቀ ሰው እንደነበር ያሳያል።

ይህን መዝሙር እንዲህ ማንበብን የተማርሁት ከሊቃውንት አይደለም። ታናሽ ወንድሜ በኦቦክ በኩል ወደ የመን ሊሻገር ከቤት ከወጣ በኋላ ለዓመታት ድምፁ አልተሰማም። እናቴ በየማለዳው ዳዊቷን ትደግማለች፤ ማኅደሩ ከእጇ ላብ የተነሣ ጠቁሯል። ሐሙስ ሲሆን ከውጭ ሆነን የት ቦታ እንደደረሰች ከድምፅዋ እናውቅ ነበር፤ ፀሐይና ጨረቃ ከሚጠሩበት አልፋ ዘውዱ ከሚወድቅበት ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ ሳይሆን ከፍ ይል ነበር። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን ሰምታ ገባችና፣

“እማማ፣ እግዜር እኮ ታማኝ ነው፤ ለምን እንዲህ ያለቅሳሉ?” አለቻት።

“ባላምነውማ ለማን አለቅሳለሁ፣ ልጄ?” አለቻት እናቴ። ደግሞም ቡና አፍልታ አጠጣቻት።

ወንድሜ እስካሁን አልተገኘም። ባለፈው ሐሙስ ስልክ ስደውልላት ገና አልጨረስሁም፣ ቆየኝ አለችኝ። ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ሁለቱን አሜኖች ሰማሁ፤ ገጹ ሲገለጥም ሰማሁ፤ ቀጥሎ ያለውን የሙሴን ጸሎት ጀመረች።