ኮርኒስ ውስጥ የተረሳ ሽቦ

ደንበኛዬ እትዬ ሲደውሉልኝ ያሉት «ዋይፋዩ ሞቷል» ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ኢንተርኔት በዘገየ ቁጥር የሚከሰሰው ዋይፋይ ነው። ልጃቸው ሁለት ጊዜ ሞደም ቀይሯል፤ ፓኬጁንም ከ4 ሜጋ ወደ 8 አሳድጎ በየወሩ ይከፍላል። የሚያገኘው ግን ከ3 ፈቀቅ አላለም። ላፕቶፔን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝቼ ለካሁ። ያው 3። ዋይፋዩ በነጻ ተሰናበተ።

መሰላል አስመጥቼ ኮርኒሱን ከፈትኩ። የስልኩ መስመር ከውጭ ገብቶ ሳሎን ሳይደርስ ሦስት ቦታ ተቀጥሏል፤ አንዱ ወደ መኝታ ቤት፣ አንዱ ወደ ሰርቪስ፣ አንዱ ደግሞ የግቢው በር ላይ ወደነበረችው ሱቅ። ሱቋ ከተዘጋች ዓመታት አልፈዋል። መጋጠሚያዎቹ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል። አጠቃለሉን ሳይ የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ የእኔ ነው። በ1990ዎቹ ስልክ መቀጠል እንጀራዬ ነበር። ባለሱቁ ሰው እያስደወለ ሳንቲም ይለቅማል፣ የቤቱ ባለቤት ከአልጋቸው ሳይወርዱ ስልክ ያነሳሉ፣ እኔም በየቅጥያው እከፈላለሁ።

በጊዜው ሥራው ጥፋት አልነበረበትም። በስልክ መስመር ላይ የሰው ድምፅ የሚሄደው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ነው፤ ለእሱ 25 ሜትር ትርፍ ሽቦ ከቁም ነገር አይገባም። ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ኤዲኤስኤል ግን በዚያው ጥንድ መዳብ ላይ ከ25 ኪሎኸርዝ ገደማ ተነስቶ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ፣ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው ደግሞ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ይወጣል። እዚያ ላይ ጫፉ ባዶ የሆነ ቅጥያ ጉድ ያፈላል። ምልክቱ ይገባበታል፣ መጨረሻው ላይ መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ ከዋናው ጋር ይላተማል። ምልክት በሽቦ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ2 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 100 ሜትር ነው። ቅጥያው የዚህ ሩብ፣ ማለትም 25 ሜትር ከሆነ፣ ደርሶ የሚመለሰው ሞገድ ተገልብጦ ይደርስና ዋናውን ያጠፋዋል። የሱቋ ሽቦ ርዝመት ይኸው ገደማ ነበር።

ከርዝመቱም መጋጠሚያው ይብሳል። ክረምት በገባ ቁጥር እርጥበት ናስትሮው ሥር ይሰርጋል፤ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል። የመስመር ስልክ ያላችሁ ስልኩን አንስታችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኑና የመደወያው ድምፅ ሲጠፋ ዝምታውን አዳምጡ። ሱፍ እንደሚቆላ ከተንጣጣ አንድ ቦታ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ አለ።

አሁን አሁን አንድ ቤት ስገባ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ሞደሙን ተሸክሜ መስመሩ ወደ ቤት የሚገባበት ቦታ እሄዳለሁ። የቤቱን ሽቦ በሙሉ ነቅዬ ሞደሙን ለብቻው እሰካና የሞደሙ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር አያለሁ፤ የተገናኘበትን ፍጥነትና ከጫጫታው በላይ የቀረለትን ትርፍ። ይህ ትርፍ ከ6 ዴሲቤል ሲወርድ መስመሩ መቆራረጥ ያበዛል። እትዬ ቤት ሳሎን ውስጥ 3 ሜጋና 5 ዴሲቤል ነበር፤ መግቢያው ላይ 8 ሜጋና 12 ዴሲቤል ሆነ። ልዩነት ባይኖር ኖሮ ችግሩ ውጭ ነው፣ ብርዎን ይያዙ ብያቸው እወጣ ነበር።

መግቢያው ላይ ስፕሊተር፣ ማለትም የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ ምልክት የሚለይ ማጣሪያ፣ አስቀመጥኩ። የመኝታ ቤቱ ስልክ ከማጣሪያው ጀርባ ስለቀረ ሞደሙን አይነካውም። ለሞደሙ ከመግቢያው እስከ ሳሎን አንድ ወጥ የካት 5 ኬብል ዘረጋሁ፤ መሀል ላይ አንድም መጋጠሚያ የለው፣ ከመብራት መስመርም የራቀ። ከሞደሙ ጋር በካርቶን የሚመጣው ጠፍጣፋ ሽቦ ለአንድ ሁለት ሜትር ይበቃል እንጂ ሳሎን ለማቋረጥ አይሆንም፤ አልተጠማዘዘም። ኬብሉ ውስጥ አራት ጥንድ አለ፤ የምንፈልገው አንዱን ብቻ ነው። ወጣቶቹ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ከአንዱ ጥንድ ሰማያዊውን፣ ከሌላው ብርቱካናማውን ይወስዳሉ። ቴስተሩ ደህና ነው ይላል፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል። ሰማያዊ ከያዛችሁ ጓደኛው ነጭ-ሰማያዊው ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ስለተጠማዘዙ የውጭ ጫጫታ እኩል ይነካቸዋል፤ ሞደሙ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ስለሆነ ጫጫታው ይጣፋል። ደግሞ ሽቦውን በባዶ እጅ ስትይዙ ስልክ እንዳይደወል ጸልዩ። 48 ቮልት ቀልድ ይመስላል፤ ሲጠራ ግን ወደ 90 ይጠጋል፣ እኔን አንድ ጊዜ ከመሰላል አውርዶኛል።

ወደ ሰርቪስና ወደ ሱቋ የሚሄዱትን ቆርጬ ጣልኩ። ይህን ለደንበኛ ማስረዳት ከሥራው ይከብዳል፤ ሰው የሚከፍለው ለሚገጠምለት ዕቃ ነው።

«ታዲያ ምን ሠራህ?» አሉኝ እትዬ፣ መሬት ላይ የተከመረውን ሽቦ እያዩ።

«የድሮ ሥራዬን አፈረስኩ።»

የኬብሉንና የስፕሊተሩን ዋጋ ብቻ ተቀበልኩ።

ሰፈራችሁ ፋይበር ከገባ ይህን ሁሉ እርሱት፤ ለመዳብ አንድ ብር አታውጡ። ገና በመዳብ ላይ ከሆናችሁና በእነዚያ ዓመታት ስልክ ያስቀጠላችሁበት ክፍል ካለ ግን ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት ያ ሽቦ የት እንደሚያልቅ እዩት።