ሻኛው የት ላይ ነው?

ዞዊ ኢሲ2 የሚባለውን ማውስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ ከኋላው ማየት ያስደስታል። ከላይ ሲያዩት ጥቁር ነው፣ መብራት የለውም፣ ከተራ የቢሮ ማውስ አይለይም። ከኋላ ሲሆን ግን አንድም ቀጥ ያለ መስመር አይገኝበትም። ጀርባው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የግራ ጎኑ ከፍ ብሎ ይነሳና አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ ሰርጎድ ይላል፤ የቀኙ ቀስ እያለ ይወርድና ለቀለበት ጣትና ለትንሿ ጣት መደገፊያ ይተዋል። እጅዎን ጠረጴዛ ላይ ዘና አድርገው ቢጥሉት መዳፍዎ ሙሉ በሙሉ አይደፋም፤ በአውራ ጣት በኩል ትንሽ ቀና ይላል። የማውሱ ጀርባ የሚያዘነብለው ይህችን ቀና ማለት ለመቀበል ነው።

ይህ ቅርጽ አባት አለው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ኢንተሊማውስ ኤክስፕሎረርን ሲያወጣ ሰው ሁሉ ያወራው ከሆዱ ኳሷ ስለመውጣቷ ነበር፤ በእሷ ቦታ በሰከንድ 1,500 ጊዜ የጠረጴዛውን ፎቶ የሚያነሳ ዓይን ገባ። የተኩስ ጨዋታው የካውንተር ስትራይክ ተጫዋቾች ግን ተከትሎት የመጣውን ኤክስፕሎረር 3.0ን በእጃቸው ለምደው አልለቅ አሉ። ስዊድናዊው ተጫዋች ኤሚል ክሪስቴንሰን፣ በጨዋታ ስሙ ሂተን፣ ከዞዊ ኩባንያ ጋር የራሱን ማውስ ሲያሠራ የተነሳው ከዚሁ ለቢሮ ሠራተኛ ከተሠራ ቅርጽ ነው። ኢሲ የተባለውም በስሙና በአባቱ ስም መነሻ ፊደሎች ነው። ኤፍኬ የሚባለው ጠፍጠፍ ያለው ወንድሙ ደግሞ የፖላንዱን ተጫዋች የፊሊፕ ኩብስኪን ፊደሎች ይዟል። ከዚያ ወዲህ ሴንሰሩ ተቀየረ፣ ገመዱ ለሰለሰ፣ በኋላም ጭራሽ ገመድ አልባው መጣ። ቅርጹን ግን ብዙም የነካው የለም። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2019 ፕሮ ኢንተሊማውስን ሲያወጣ ወደዚያው ወደ ድሮው ጀርባ ተመለሰ።

እንግዲህ ማውስ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ይህንን ጀርባ ነው። የማውስ ጀርባ እንደ በሬ ሻኛ አለው፤ ትልቁ ጥያቄም ሻኛው የት ላይ ነው የሚለው ነው። ሻኛው ወደ ኋላ ከሄደ የመዳፍ ግርጌ ይሞላል፤ ጣቶችም ወደ ላይ ታጥፈው በጫፋቸው ቁልፉ ላይ ይቆማሉ። ተጫዋቾች ክሎው ግሪፕ የሚሉት አያያዝ የሚመቸው በዚህ ነው። ሻኛው ወደ መሐል ቀረብ ብሎ ወደ ፊት በዝግታ ከወረደ መዳፍ ከነጣቱ ሙሉ ለሙሉ ይተኛበታል፤ ይህ ፓልም ግሪፕ ነው። ማውሱን በጣት ጫፍ ብቻ ይዞ መዳፉን አየር ላይ ለሚተው ሰው፣ ማለትም ለፊንገርቲፕ፣ ሻኛ እንቅፋት ነው፤ አጭርና ዝቅ ያለ ማውስ ይሻለዋል። ሬዘር በ2020 ያወጣው ቫይፐር ሚኒ ለእንዲህ ዓይነቱ እጅ የተቆረጠ ይመስላል።

ሰው አያያዙን አስቦ አይመርጥም፤ እጁ ራሱ መርጦታል። ለማወቅ ጨዋታው መሐል ላይ፣ ተኩስ ሲበረታ፣ ወደ ታች ማየት ይበቃል። አብዛኛው ሰው እጁን ሲዝናና በመዳፉ ተኝቶ፣ ሲጨንቀው ጣቶቹን አጥፎ ያገኘዋል። እኔ የምመክረው ለተጨነቀው እጅ እንዲገዛ ነው።

ልክ ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ካለፈ በኋላ የመጣው ኢሲ1-ኤ 128 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ 70 ይሰፋል፣ 43 ከፍ ይላል፤ ኢሲ2-ኤ 120፣ 65 እና 40 ነው። በከፍታ የሚለያዩት በ3 ሚሊሜትር ነው። ዓይን ሁለቱን ጎን ለጎን ካላየ አይለያቸውም፤ መዳፍ ግን ገና ሲነካቸው ያውቃል። የሠሪው ብልሃት ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው፦ ሦስቱንም ልኬት በተቀራረበ መጠን ስላሳነሰ፣ ትንሹ ማውስ የትልቁን ዝንባሌና ስርጉድ ሳያበላሽ ይዞ ቀርቷል። ርዝመቱን ብቻ ቢያሳጥር ኖሮ ድቡልቡል ያለ ነገር ይወጣ ነበር።

እጅን ለመለካት ከመሐል ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው የአንጓ መስመር ማስመሪያ መዘርጋት ነው፤ ስፋቱን ደግሞ ከአውራ ጣት በስተቀር በአራቱ ጣቶች መገጣጠሚያ ላይ። ተጫዋቾች የማውሱ ርዝመት የእጁን 60 በመቶ ያህል ይሁን ይላሉ። 20 ሴንቲሜትር ለሆነ እጅ 120 ሚሊሜትር ማለት ነው። መነሻ ይሆናል እንጂ ሕግ አይደለም፤ መዳፉን ለሚያስተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ያንሳል። አገር ቤት ሆኖ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ለሚያስልክ ሰው ግን ይህች ልኬት ዋጋ አላት። ዕቃው አንዴ ሻንጣ ውስጥ ከገባ መመለሻ የለውም፤ ዘመድም «ጥቁሩን አመጣሁልህ» ብሎ ትልቁን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የማውሱን ስም ከነቁጥሩ ጽፎ መላክ ነው።

ስለ ክብደት ብዙ ተብሏል። በ2019 የወጣው የግሎሪየስ ሞዴል ኦ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ ተወንፍቶ ወደ 67 ግራም ወረደ፤ ያኔ ቀላል ማውስ ማለት የተበሳ ማውስ ነበር። በዓመቱ ሎጂቴክ ጂ ፕሮ ኤክስ ሱፐርላይትን ያለ አንዲት የጀርባ ቀዳዳ፣ ገመድ አልባ ሆኖ፣ ባትሪውንም ተሸክሞ ከ63 ግራም በታች አወጣው። ሥራ ማለት ይህ ነው። ከላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ልፋቱ ያለው በግድግዳው ውፍረትና ፕላስቲኩ ከውስጥ በተደገፈበት ቦታ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ለመፈተን ማውሱን በአውራና በቀለበት ጣት ከሁለት ጎኑ ጨመቅ ማድረግ ነው። የሚንሿሿ ወይም ጎኑ ገብቶ የጎን ቁልፉን በራሱ የሚጫን ከሆነ፣ ግራሙ የተቀነሰው ከማይገባ ቦታ ነው። ቅርጹን በተመለከተ ግን ሱፐርላይት አያስደንቀኝም፤ ለብዙ እጅ እንዲሆን ተብሎ ጠርዙ ሁሉ ተሞርዷል።

ሳጥን ላይ በትልቁ ስለሚጻፈው ዲፒአይ በአጭሩ፦ ማውሱ አንድ ኢንች ሲሄድ ስንት ቆጠራ እንደሚልክ ይናገራል፤ 25,600 የሚሉ አሉ፤ ብዙ የካውንተር ስትራይክ ባለሙያዎች በ400 ወይም በ800 ይጫወታሉ። ኢሲ አራት ምርጫ ብቻ ይሰጣል፦ 400፣ 800፣ 1,600፣ 3,200። መቀየሪያው ሆዱ ላይ ስለሆነ በጨዋታ መሐል በስህተት አይነካም። የሚጫን ሶፍትዌርም የለውም።

ብዙ ሰው የማያነሳው የሴንሰሩን ቦታ ነው። ዓይኑ ወደ ፊት ከተጠጋ፣ አንጓውን ብቻ የሚያዞር ሰው በትንሽ እንቅስቃሴ ብዙ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ከሸሸ ያንሳል። በጣቶቹ መያዣ መሐል ሲሆን ማውሱ እጅ ያሰበበት ቦታ ይቆማል። ማውሱን ገልብጦ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። እግረ መንገድም የቴፍሎን እግሮቹን ያያሉ፤ ጠርዛቸው ካልተሞረደ ከሥር የሚነጠፈውን የማውስ ጨርቅ ይቧጥጣሉ።

ኢሲን የምነቅፈው በክሊኩ ነው። የቀደሙት ሞዴሎች የሁዋኖ ስዊች ነበራቸው፤ ጠንካራ ነው፣ በስህተት አይተኮስም፤ ረጅም ማታ ሲጫወቱ ግን ሌባ ጣትን ያደክማል። ሁለተኛው ጥፋት ያዘነበለው ጀርባ ራሱ ያመጣው ነው፦ ለግራኝ አይሆንም። ሬዘር በ2020 ናጋን ለግራ እጅ ሠርቶለታል፤ እሱ ግን ጎኑ በቁልፍ የተሞላ ሌላ ዓይነት ማውስ ነው። ተኩስ ለሚጫወት ግራኝ ከዞዊ ቤት የሚቀርበው ሁለት ጎኑ እኩል የሆነው ኤፍኬ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ በሁለቱም በኩል ቁልፍ ስለነበራቸው ያገለገለም ቢሆን እነሱን መፈለግ ይሻላል።