ዘፈኑ በየት በኩል ይግባ?

ወጣቶች በሲኒማ አይተው የወደዱትን ታሪክ ዘፈንና ውዝዋዜ ጨምሮ በመድረክ ማሳየት በእንግሊዝና በአሜሪካ ከተለመደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ተመልካቹ ታሪኩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ለቴአትር ቤቱ ገበያ እምብዛም አያሠጋም፤ በዚህም ምክንያት ነገሩን የነጋዴ ብልሃት ብቻ አድርገው የሚንቁት ሐያስያን አሉ። እኛ ከንቀታቸው ጋር አንተባበርም። በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ያሉ ተማሪዎቻችን በስልክ ያዩትን ፊልም ለትምህርት ቤታቸው መድረክ እያሰናዱ ዘፈን ሲጨምሩበት እያየን፣ ጉዳዩን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም።

ሲኒማ አብዛኛውን ነገሩን የሚናገረው በሰው ፊት ላይ ነው። ካሜራው ቀርቦ የአንዲትን ልጅ ከንፈር መንቀጥቀጥ ካሳየን ቃል አያስፈልገውም። በመድረክ ግን በኋለኛው አግዳሚ ወንበር የተቀመጠ ሰው ያን ከንፈር አያየውም፤ ስለዚህ የጠፋውን ቅርበት የሚተካ ሌላ ነገር መገኘት አለበት። ዘፈን ሊተካው ይችላል፤ የሚተካው ግን ተናጋሪው ቃል ባነሰው ሰዓት ሲመጣ ነው። ንግግሩ ሳያልቅበት የሚዘፍን ተዋናይ ጠግቦ እንደሚበላ እንግዳ ነው።

«ቢሊ ኤሊዮት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ የነገረን፣ በ1984 እና በ1985 የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሥራ ባቆሙበት ጊዜ፣ ከእነዚያ ቆፋሪዎች የአንዱ ልጅ የባሌ ዳንስ ለመማር ያደረገውን ትግል ነበር። በ2005 በለንደን መድረክ ሲቀርብ ደራሲው ሊ ሆልና አዘጋጁ ስቲቨን ዳልድሪ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ፤ ዜማውን የደረሰው ኤልተን ጆን ነው። ፊልም ከዳንስ ክፍሉ ወደ ፖሊሶችና ወደ አድመኞች ፍጥጫ ለመሄድ ሥዕሉን ቈርጦ መቀጠል ይበቃዋል። መድረክ እንዲህ ያለ መቀስ የለውም። ስለዚህ አዘጋጆቹ አድመኞቹን፣ ፖሊሶቹንና ዳንስ የሚማሩትን ትናንሽ ልጃገረዶች በአንድ ወለል ላይ በአንድ ዜማ አደባለቋቸው። የልጁ የዳንስ ርምጃ አባቱ በሚኖርበት ጠብ መካከል ያልፋል። ፊልሙ አንዱን አሳይቶ ሌላውን ያስከትላል፤ መድረኩ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያሳያል። በእኛ አስተያየት በዚህ ቦታ መድረኩ ከፊልሙ ይበልጣል።

ሌሎቹን በአጭሩ እናልፋለን። በ1988 ፊልም፣ በ2002 የመድረክ ሥራ የሆነው «ሄርስፕሬይ» ታሪኩ ራሱ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ዳንስ ዝግጅት ስለሆነ ዘፈኑ በራሱ ደጃፍ ገባ። የ1976ቱ «ካሪ» ግን በ1988 በኒው ዮርክ ተመርቆ ከተከፈተ በኋላ አምስት ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። «ሚን ገርልስ» በ2004 ፊልም ነበረ፤ በ2018 በብሮድዌይ የመድረክ ዘፈን ሆነ፤ በ2024 በዘፈኑ እንደ ታጀበ ተመልሶ ፊልም ሆነ። ልብስ ሰፊ ያንኑ ኮት ሁለት ጊዜ ሲገለብጠው እንደ ማየት ነው።

ቴአትርንና ዜማን ማጣመር ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የተውኔትም የመዝሙርም ደራሲ ነበሩ። በመንዝ የተወለዱት ከበደ ሚካኤል ደግሞ የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልዬት» ወደ አማርኛ ሲመልሱ የሁለት ወጣቶችን ፍቅርና የሁለት ቤተ ሰቦችን ጠብ በራሳችን ቋንቋ አሰሙን። ይህንኑ ታሪክ አሜሪካውያን በ1957 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ብለው የኒው ዮርክ ሰፈር ጎረምሶች ጠብ አድርገው ዘፈኑበት፤ በ1961 ፊልም ሆነ። የደም ነገርና የሽማግሌ ዕርቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የደጋ ሰው ከሁለቱ አንዱም እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመጣለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመንዝ ትናንሽ ከተሞች በአንደኛው የተማሪዎች ቴአትር ውድድር ሲደረግ ከዳኞቹ መካከል ነበርን። አንድ ክበብ ከአንድ የአማርኛ ፊልም የወሰደውን፣ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ወጣት ታሪክ ይዞ ቀረበ። ዘፈኖቹ በሙሉ ከስልክ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቁ ነበሩ፤ ተዋንያኑ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። አዳራሹ ይበርድ ስለ ነበር ሰዉ ባናውንና ጋቢውን ተከናንቦ እርስ በርሱ ይጨዋወታል። እናቲቱ ልጇን ከምትሸኝበት ቦታ ሲደርሱ ማጉያው ጸጥ አለ። እናት ሆና የምትሠራው ተማሪ ጥቂት ቆማ ጠበቀች። ከዚያም አንገቷን ደፍታ በአገሩ ለቅሶ ቤት የሚሰማውን ዓይነት ሙሾ በራሷ ቃል ታወርድ ጀመር። ጨዋታው ቆመ። ከኋላ የነበሩ አንዲት አሮጊት ከተቀመጡበት ሆነው ተቀበሏት። ልጅ ሆና የምትሠራው ሻንጣዋን አስቀምጣ አለቀሰች፤ ይህ በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም።

በመመዘኛው ወረቀት «ድርሰቱን መጠበቅ» የሚል ዓምድ ነበረ። ከአሥር ሦስት ሰጠናት። ሽልማቱም ማጉያው ላልተበላሸበት ክበብ ሄደ።

ከዳኞቹ አንዱ፣ ዕድሜ የጠገቡ መምህር፣ በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው ብለው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ቀላል አይደለም፤ በዚያን ጊዜ እኛም ተስማማንበት። ኋላ ግን ስናስበው የዘፈኑ ኃይል የመጣው ከዚያው ክልክልነቱ መሆኑ ታየን። እናት ልጇን «አትመለሽም ብዬ እፈራለሁ» ልትላት አትችልም፤ ገደ ቢስ ነገር ነውና። በንግግር የተከለከለችውን በዜማ አወጣችው። ከስልክ የሚለቀቀው ዘፈን ስለ ፍቅርና ስለ ናፍቆት በጠቅላላው የሚያወራ ስለሆነ ለማንኛውም ሽኝት ይስማማል፤ ለዚያች እናት ግን አልተሠራም። ይህን ስንል ሙሾ በየቴአትሩ ይግባ ማለታችን አይደለም። ዋሽንት የእረኛ ነው፤ ቀረርቶም የሠርግ ዘፈንም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ለሳቅ የተሠራ ታሪክም ሌላ ዜማ ይሻል። ፊልሙን ለመድረክ የሚያሰናዳ ተማሪ «ይህ ሰው እዚህ ቦታ ላይ በእኛ አገር ቢሆን ምን ያዜም ነበር?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ደግሞ ማጉያ መግዛት አያስፈልገውም፤ አያቱን መጠየቅ ይበቃዋል።

ለሚመጣው ውድድር «ዘፈኑ ከታሪኩ ጋር ያለው ዝምድና» የሚል ዓምድ በወረቀቱ ላይ እንዲጨመር በጽሑፍ አመልክተናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። ያቺ ተማሪ ትምህርቷን ጨርሳ ከከተማው ሄዳለች።