ውሳኔው ለማን ተጻፈ? የ2005ቱ የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔና የመቱ መጋቢ

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጠቅላላ ጉባኤ በጥር 2005 ዓ.ም. ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረውን ኅብረት ማቋረጡ ይታወሳል። ስዊድናውያኑ በ2009 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን ማጋባት ፈቅደው ነበር፤ አሜሪካውያኑም በዚያው ዓመት በእንዲህ ያለ ጥምረት የሚኖሩ ሰዎች በመጋቢነት እንዲያገለግሉ ወስነዋል። የእኛ ውሳኔ ዝርዝር ነው፤ ከመሪዎቻቸውና ከመጋቢዎቻቸው እጅ ቅዱስ ቁርባን እንዳንቀበል፣ ለእነርሱም እንዳንሰጥ ይደነግጋል።

የጋብቻ ትምህርታችንን ለመከለስ አልተነሣሁም። ዘፍጥረት 2ንና ማቴዎስ 19ን ጉባኤው እንዳነበባቸው አነባቸዋለሁ። ጥያቄዬ ይህ ሁሉ ዝርዝር ለማን ተጻፈ የሚል ነው። ለኡፕሳላና ለቺካጎ ተጻፈ። አንድ የመዘምራን ልጅ ማታ መጥቶ «ይህ ነገር በእኔም አለ» ቢለው፣ የመቱ መጋቢ ከዚህ ውሳኔ የሚያነብለት አንድ መስመር የለውም።

መቱን ለሚያውቅ ነገሩ ቀላል አይደለም። ልጁ የተከራየበት ቤት ባለቤት የጉባኤው አባል ናቸው፤ የእናቱን ደንበኞች ሁሉም ያውቃል፤ የጠዋት ወሬ በሚኒባስ ተሳፍሮ ከቀትር በፊት ጎሬ ይገባል። የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ውርስ ባለበት በኢሉባቦር ቤቴል ሲኖዶስ ደግሞ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ወደ ሽማግሌዎች መቅረቡ የቆየ ወግ ነው። መልካም ወግ ነው፤ ነገር ግን ገና ምንም ያላደረገ፣ ምክር ፈልጎ የመጣ ልጅ ጉዳይ በአንድ ምሽት የብዙ ሰው ጉዳይ ይሆናል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን፣ በሁለት አዋቂዎች ፈቃድ ቢፈጸምም እንኳ፣ በቀላል እስራት ይቀጣል። ኃይልና ማታለል ሲታከልበት በአንቀጽ 630 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ወንድ ከ13 ዓመት በታች በሆነ ወንድ ልጅ ላይ ከፈጸመው አንቀጽ 631 ከ15 እስከ 25 ዓመት ይደነግጋል። እንዲህ ጥብቅ የሆነው ሕግ እንኳ ደፋሪውን ከሌላው ለይቶ ያያል፤ መድረካችን ግን አይለይም። ስብከቱ በሕፃናት መደፈር ይጀምርና በስዊድን ያበቃል፤ ለሁሉም ስሙ «ሰዶማዊ» ነው። በዚህ የሚጎዳው የመዘምራኑ ልጅ ብቻ አይደለም። የተደፈረው ሕፃንም ያው ስም እንዳይለጠፍበት ፈርቶ አፉን ይዘጋል። ሕዝቅኤል 16 ስለ ሰዶም ኃጢአት ሲናገር ትዕቢትንና ጥጋብን፣ የድሀን እጅ አለማበርታትን እንደሚጠቅስ ከመድረክ የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በጥቆማ ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን እንደሚፈትሽ ሲያስታውቅ፣ በቲክቶክ የሰዎች ስምና ፎቶ ይለጠፍ ነበር። ስልክ በያዘ ሁሉ እጅ የገባው ይህ ነገር ለመቱ ሩቅ አይደለም። ታዲያ ወጣቱ የነገረንን ይዘን ወዴት እንሂድ? እዚህ ላይ ብዙ አገልጋዮች የማያውቁት ነገር አለ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሃይማኖት ሰውን ከጠበቃና ከሐኪም ጋር የሙያ ምስጢር ከሚጠብቁት ይመድበዋል። ሕፃን በአደጋ ላይ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ዝምታ ተባባሪነት ነው። የራሱን ፈተና የተናዘዘን ሰው አሳልፎ መስጠት ግን እንደ ቅንዓት ሊቆጠርልን አይገባም።

ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም.፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ከፍሎ ማገልገል አይቻልም ብላ ለምዕራባውያን አጋሮቿ ጽፋለች። ያን ደብዳቤ ዛሬም በኩራት እናስተምራለን። በ2005 ዓ.ም. በጻፍነው ውሳኔ ውስጥ ግን ሁለንተናው የሚገለገል ሰው አላገኘሁም፤ ያገኘሁት አቋምና ደንብ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ስለ እነዚህ ኃጢአቶች ሲጽፍ ከፊቱ የተቀመጡትን፣ ከእናንተም አንዳንዶቹ እንዲህ ነበራችሁ የሚላቸውን ሰዎች እያነጋገረ ነበር። ያቺ ጉባኤ እነማን እንደሆኑ ታውቅ ነበር፤ ሆኖም አብረው ይቀመጡ ነበር። ውሳኔውን ለመጋቢዎች የሚያብራራ አባሪ የሚጻፍ ከሆነ፣ ኡፕሳላን ትቶ ከዚያ ወንበር ቢጀምር እመርጣለሁ።