ወደብ ያጣች መርከብ

የጥንት መርከብ አምሳያ መሥራት የእጅ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ሙግትም ነው። ሠሪው ስለ ጥንቱ የሚያምንበትን በእንጨት ያቆማል፤ ያላየውን ይተዋል። «የበረሃው ሚን» የተባለችው የግብፅ መርከብ አምሳያም በዚህ ዐይን ልትመረመር ይገባል። ጉዳዩ የገዳሪፍንና የከሰላን ነዋሪ በቀጥታ ይመለከታል፤ መርከቢቱ የተሠራችው ጥንታውያን ግብፃውያን ወደ ፑንት እንዴት እንደ ተጓዙ ለመፈተሽ ነውና። ስለ ፑንት ሥፍራ የሚደረገው ክርክር ባይቋጭም፣ ብዙ ሊቃውንት ምድሪቱን የሚፈልጉት በምሥራቅ ሱዳን፣ በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ ነው።

የሥራው መነሻ በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው ዋዲ ጋዋሲስ ነው። ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ባካሄዱት ቁፋሮ፣ በዋሻዎች ውስጥ ወደ 4,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የመርከብ ሳንቃዎች፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድና የፑንት ስም የተጻፈባቸው የእንጨት ሣጥኖች ተገኝተዋል። ሳንቃዎቹን የባሕር ትል በልቷቸዋል፤ መርከቦቹ ጨው ውኃ ላይ ለመዋላቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

የመርከብ አርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ሼሪል ዋርድና ባልደረቦቿ ይህን ማስረጃ በዴር ኤል-ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከተቀረጹት የንግሥት ሐትሼፕሱት መርከቦች ጋር አዛምደው፣ በራሺድ ከተማ አናጢዎች እጅ 20 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ አሠሩ። ሳንቃዎቿን የሚያያይዝ ሚስማር የለም። ወፋፍራሞቹ ሳንቃዎች የተጋጠሙት በጎናቸው በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ በሚገቡ የእንጨት ምላሶች ነው፤ እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ አብጦ መጋጠሚያውን ያጠብቃል። በ2008 መጨረሻ ሸራዋን ዘርግታ በቀይ ባሕር ላይ ስትጓዝ፣ «ግብፃውያን የወንዝ እንጂ የባሕር ሰዎች አልነበሩም» የሚለው የቆየ ጥርጣሬ ክፉኛ ተናጋ።

የሥራው ትልቅ ጥንካሬ ለማስረጃ መታዘዙ ነው። በሊባኖስ ዝግባ ፈንታ ዳግላስ ፈር የተባለውን የአሜሪካ እንጨት መጠቀሙ እንኳ ዋናውን ፈተና አያፈርሰውም። ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጉዞው በግብፅ ውኃ ላይ ተጀምሮ እዚያው አበቃ። መርከቢቱ «መጓዝ ይቻል ነበርን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥታለች፤ «ወደ ማን?» የሚለው ግን ሳይነካ ቀርቷል።

የሐትሼፕሱት ግድግዳ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የቤተ መንግሥት መልስ ነው። የፑንቱ ገዥ ፓራሁና ሚስቱ አቲ እጅ ነሥተው ሀብታቸውን ሲያቀርቡ ይታያሉ፤ በመሰላል የሚወጣባቸው ክብ ጎጆዎችና ከነሥራቸው የሚጫኑ የእጣን ዛፎችም አሉ። ንግዱ ግብር መስሎ ቀርቧል። ቅርጹን የሚከተል አምሳያ ሠሪ የመርከቡን ልክ ሲወስድ ይህንንም አመለካከት ሳያውቅ እንዳይወስድ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ተቃራኒው ማስረጃ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ፋቶቪች ራሱ ወደ ዋዲ ጋዋሲስ ከመሄዱ በፊት፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በከሰላ አጠገብ በማሐል ተግሊኖስ ቆፍሯል። እዚያ የተገኙት የግብፅ ሸክላ ስባሪዎችና ዕቃ ይታሸግባቸው የነበሩ የጭቃ ማኅተሞች፣ የጋሽ ሰዎች ሸቀጣቸውን ቆጥረውና አሽገው የሚነግዱ እንደ ነበሩ ያመለክታሉ። እጅ ነሥቶ ያለውን ሁሉ የሚያስረክብ ሰው ማኅተም አያስፈልገውም።

የእጣን ዛፍ ዛሬም በመተማና በቋራ ቆላ ይበቅላል፤ ቅርፊቱን የሚያደማው ሰው ሙያም አልጠፋም። የፑንትን ጉዞ በሙሉ የሚያሳይ አምሳያ ከተፈለገ ሥራው ከመርከቡ ሳንቃ ሊጀምር ይችላል፤ ነገር ግን እጣኑን እስከ ለቀመው፣ እስከ ጫነውና እስከ ተዋዋለው ሰው ድረስ መድረስ አለበት። እስከዚያው «የበረሃው ሚን» የተዋጣላት መርከብ ናት፤ ወደቧ ግን ገና አልተሠራም።